ያልተነገረው ንግግርና ያልሰመጠው ሰው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ፣ ፍራንቼስካ ፓኔታና ሃልሲ በርገንድ የተባሉ ሁለት ጠቢባን በአምስተርዳም የዘጋቢ ፊልም ትርኢት ላይ የ1960ዎቹን ዘመን ሳሎን ከነአሮጌ ቴሌቪዥኑ አሰናድተው፣ ሰው እየገባ እንዲቀመጥበት አደረጉ። የተቀመጠውም ሰው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ ወደ ጨረቃ የሄዱት አርምስትሮንግና አልድሪን መመለሻ አጥተው በዚያው መቅረታቸውን በሐዘን ሲያረዱ ያያል። ሁለቱ ግን ከጓደኛቸው ከኮሊንስ ጋር ጁላይ 24 ቀን 1969 በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በደኅና መውረዳቸው የታወቀ ነው።

ይህ ኢንስታሌሽን የተባለው ዐይነት ሥራ የሚደንቀኝ ኒክሰንን ያላሉትን በማናገሩ አይደለም፤ ቃሉ እውነተኛ በመሆኑ ነው። ጉዞው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ዊልያም ሳፋየር የተባለው የንግግር ጸሐፊያቸው፣ ምናልባት ክፉ ቢደርስ ብሎ ጽፎ ያስቀመጠው ነበርና። ፊቱም የራሳቸው ነው፤ በ1974 ሥልጣን መልቀቃቸውን ሲያስታውቁ ከተቀረጸው ፊልም ተወስዶ፣ የአፋቸው እንቅስቃሴ ብቻ በኮምፒውተር ተለወጠ። ድምፁን አንድ ተዋናይ ተናገረው፤ የኒክሰንን ለዛ ያለበሰው ግን መሣሪያው ነው። እንግዲህ በኢንተርኔት የሚናኘው የሐሰት ወሬ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ይህም ሐሰት ከእውነት ፍርፋሪ የተጋገረ ነው።

እንዲህ በኮምፒውተር ሰውን ያላለውን ለሚያናግረው፣ ዲፕፌክ ለሚሉት ነገር ከግእዝ ስም ብንፈልግለት ምትሐት ከሚለው የሚሻል አላገኝም፤ መልክ አለው፣ አካል ግን የለውም። ነገር ግን ደቀ መዛሙርቱ በባሕር ላይ የሚራመደውን ጌታቸውን ምትሐት መስሏቸው እንደ ጮኹ ሁሉ፣ ምትሐት የለመደ ዐይን እውነተኛውንም ይጠረጥራል፤ በእኔ አስተያየት የከፋው ጉዳት ይህ ነው።

ብልሃቱን የዛሬ ፈጠራ አድርጎ የሚቆጥር ቢኖር ይሳሳታል። ኢፖሊት ባያር የተባለው የፈረንሳይ መንግሥት ሠራተኛ፣ በብርሃን ኃይል በወረቀት ላይ ምስል የሚቀረጽበትን የራሱን ዘዴ አግኝቶ ሳለ ክብሩና ጡረታው የምስል መቅረጫ ዘዴ ላገኘው ለተፎካካሪው ለዳጌር ስለ ተሰጠበት፣ በ1840 ከወገቡ በላይ ዕራቁቱን፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ውሃ እንደ በላው ሬሳ ሆኖ ራሱን አነሣ። በሥዕሉም ጀርባ መንግሥት ለዳጌር ብዙ ሰጥቶ ለእርሱ ምንም እንዳላደረገለት፣ ተስፋ የቆረጠውም ምስኪን ውሃ ገብቶ እንደ ሞተ ጻፈ፤ የጠቆረውን ፊቱንና እጁን እንኳ ሬሳው መበስበስ ስለ ጀመረ ነው አለ። ይህ ሐሰት ጨዋ ሐሰት ነበር፤ ሙት የራሱን መርዶ አይጽፍምና አንባቢው ወዲያው ይነቃል። ፓኔታና በርገንድም ንግግሩ ካለቀ በኋላ ምትሐቱ እንዴት እንደ ተሠራ አልሸሸጉም።

ባያር ከዚያ በኋላ 47 ዓመት ኖሮ በ1887 ዓ.ም. ሞተ።