ለደጋ አካባቢ የሶሌታ ጣሪያ የውኃ መከላከያ ሜምብሬን አመራረጥ

ከመርካቶ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ተገዝቶ ወደ ደጋ ከተሞች የሚጫነውን የጣሪያ ሜምብሬን የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ውፍረቱንና ዋጋውን ነው፡፡ ለቀዝቃዛ አካባቢ ግን ከሁለቱ ያላነሰ ክብደት ያለው ሌላ መለኪያ አለ፤ እርሱም ሜምብሬኑ በምን ያህል ቅዝቃዜ ሳይሰነጠቅ ሊታጠፍ እንደሚችል የሚያሳየው ቁጥር ነው፡፡ ይህ ሳይጣራ የተገዛ ሽፋን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሰነጣጥቆ ውኃ ሊያስገባ፣ ከሥሩ የተከማቸውን እህል፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወይም የሱቅ ሸቀጥ ለብልሽት ሊዳርግ ይችላል፡፡

የደጋው ብርድ ጠባይ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፡፡ ከእርሷ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ትጠጋለች፡፡ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ውርጭ የሚጥልባቸው፣ የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ጊዜያት አሉ፡፡

የአውሮፓ ብርድ በረዶ ተጭኖት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሲሆን፣ የእኛ ደጋ ብርድ ግን ሌሊት መጥቶ ረፋድ ላይ የሚሄድ ነው፡፡ ጥቁር ሜምብሬን በቀን ፀሐይ እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊግል ይችላል፤ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ደግሞ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፡፡ በየዕለቱ መለጠጥና መኮማተሩ፣ ከጠንካራው የከፍታ ቦታ ፀሐይ ጋር ተዳምሮ ሬንጁን ያደርቀዋል፡፡ ስለሆነም ለደጋ የሚመረጠው ሽፋን ብርዱንም ፀሐዩንም የሚችል ሊሆን ይገባል፡፡

ዋና ዋና ዓይነቶች

በጥቅል የሚሸጡት የሬንጅ ሜምብሬኖች በዋናነት ሁለት ናቸው፡፡ ኤስ.ቢ.ኤስ የሚባለው ሬንጁ ጎማ መሰል ነገር የተቀላቀለበት ሲሆን፣ ጥሩ ምርት ከዜሮ በታች ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል፡፡ ኤ.ፒ.ፒ የሚባለው ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ነው፤ ሙቀትንና ፀሐይን በተሻለ ይቋቋማል፤ የብርድ መጠኑ ግን እንደ ምርቱ ጥራት ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ይደርሳል፡፡

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርዱ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ 5 የሚል ቁጥር ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል፡፡ መልሱ በጥቅሉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የአዲሱ ሜምብሬን መሆኑ ነው፡፡ ሬንጅ ሲያረጅ ይደርቃል፤ የመታጠፍ አቅሙም በየዓመቱ ይቀንሳል፡፡ በመሆኑም ውርጭ ለሚጥልበት አካባቢ ኤ.ፒ.ፒ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ከዜሮ በታች 10 የሚለውን፣ የተሻለውን የሚፈልግ ደግሞ ኤስ.ቢ.ኤስ ሆኖ ገጹ የድንጋይ ፍርፋሪ የለበሰውን ቢመርጥ ይመከራል፡፡ ፍርፋሪው ሬንጁን ከፀሐይ ይጋርደዋል፡፡

በመደብር ሊጣሩ የሚገባቸው ነጥቦች

የብርድ መታጠፍ ፍተሻ ኢ.ኤን 1109 በሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ይከናወናል፤ ገዥው ይህ ቁጥር የሰፈረበትን የምርት መግለጫ ወረቀት መጠየቅ ይኖርበታል፡፡ በውስጡ ያለው ማጠናከሪያም መታየት አለበት፡፡ የፖሊስተር ማጠናከሪያ የሶሌታውን እንቅስቃሴ ተከትሎ ይለጠጣል፤ የመስታወት ክር ግን ቶሎ ይቀደዳል፡፡

ክብደትንና ውፍረትን አለማምታታት ያስፈልጋል፡፡ «በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ግራም» የሚል ጽሑፍ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት አይደለም፤ ትክክለኛው ውፍረት ከዚያ ያነሰ ነው፡፡

ብዛቱም ሲሰላ መደራረቢያው መታሰብ አለበት፡፡ 1 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል፣ በጎን 10 በጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደራረብ የሚሸፍነው 9 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም፡፡ ለ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 12 ጥቅል፣ ለዙሪያው ግንብ ደግሞ ተጨማሪ 1 ወይም 2 ጥቅል ያስፈልጋል፡፡ በጉዞም ሆነ በመጋዘን ጥቅሉ ቆሞ፣ ከፀሐይ ተከልሎ መቀመጥ ይኖርበታል፡፡

አነጣጠፍና ፍተሻ

ሥራው የሚሻለው በበጋ ነው፡፡ ሶሌታው ከተሞላ ቢያንስ 28 ቀን ሊያልፈውና ሊደርቅ ይገባል፡፡ ለማረጋገጥ ላስቲክ ዙሪያው ተለጥፎ ያድራል፤ ጠዋት ከሥሩ ላብ ከታየ መጠበቅ ግድ ነው፡፡ በውርጭ ወራት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ መጀመር ይመረጣል፡፡ የቀዘቀዘን ጥቅል በኃይል መዘርጋት ስለሚሰነጥቀው አስቀድሞ ሊሞቅ ይገባል፡፡

ጣሪያው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ያዘነበለ፣ ሜምብሬኑም ከተጠናቀቀው ጣሪያ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር በዙሪያው ግንብ ላይ የወጣ መሆን አለበት፡፡ ሜምብሬኑ የሚጣበቀው በጋዝ ነበልባል ስለሆነ የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ሊኖር፣ እንጨትና ሸራ ሊርቅ ይገባል፡፡ በጥቅምት 2017 ዓ.ም በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ፣ በተጠጋጉ ሱቆች መካከል የተነሣ እሳት ምን ያህል እንደሚከፋ አሳይቷል፡፡

ሥራው ሲያልቅ ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት መውረጃው ተደፍኖ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ለ24 ሰዓት ይቆይበታል፡፡ አምስት ሴንቲ ሜትር ውኃ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሶሌታው መሸከሙን መሐንዲስ ሊያረጋግጥ ይገባል፡፡ ከዚያ በኋላ ዲሽም ሆነ የውኃ ታንከር ሜምብሬኑን በስቶ ሊታሰር አይገባም፤ በየዓመቱም ሰኔ ከመግባቱ በፊት መውረጃውን መጥረግና መደራረቢያዎቹን መመልከት ያስፈልጋል፡፡