ስሙ የሼኹ፣ ሥራው የወይብ

ሶፍ ዑመር ዋሻ የገባሁት በ2003 ዓ.ም. ነው። ከሮቤ ተነስተን በጎሮ በኩል ወረድን። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በአገራችን ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙ ነው። ስሙን ያገኘው በውስጡ ተጠልለውበታል ከሚባሉት ከሼኽ ሶፍ ዑመር አሕመድ ነው። የኖራ ድንጋዩን የፈለፈለው ግን ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የወይብ ወንዝ ነው። ስሙ የሼኹ፣ ሥራው የወይብ። እንግዳ ሁሉ ዓምዶቹን አይቶ ይደነቃል፤ ውኃውን ጫማዬን አረጠበብኝ ብሎ ይወቅሳል።

ይህን ያሰብኩት ያለ ነገር አይደለም። በዋዜማው ሮቤ አድረን ሳለ ላፕቶፔ በቫይረስ ተመትቶ አልነሳም አለ። አብሮን የሚጓዝ አንድ ወጣት የኮምፒውተር መምህር ነበር፤ የባሌ ልጅ ነው። የተረፈውን ጽሑፌን በፍላሽ አወጣልኝና “ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልጫንልዎት” አለኝ። “ስንት ያስከፍላል?” አልኩት። ሳቀ። “በነፃ ነው፤ ገልብጠው ለሌላ ሰው ቢሰጡትም ሌባ አይባሉም።” ከቦርሳው ዴቢያን የሚባል ሥርዓት የተቀዳበት ዲቪዲ አወጣ።

ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የጠየቀን በየትኛው ቋንቋ እንደምንቀጥል ነው። ከዝርዝሩ መካከል “አማርኛ” የሚል አነበብኩ። ዓይኔን አሸሁ። ሀያ ምናምን ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ኮምፒውተር ገና ከመነሳቱ በገዛ ፊደሌ ሲያናግረኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገሩ ሩቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስን ጀመሩ። የላቦራቶሪው ባለቤት ያኔ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ነበር። በ1956 በተፈረመ ስምምነት ወደ ኮምፒውተር ንግድ እንዳይገባ ተገድቦ ስለነበር፣ ዩኒክስን ለዩኒቨርሲቲዎች ከነምንጭ ጽሑፉ በትንሽ ዋጋ ሰጠ። ተማሪው እያነበበ ተማረ፤ እያረመም አሻሻለ። በ1984 ኩባንያው ሲከፋፈል እገዳው ተነሳ፤ ዩኒክስም ሸቀጥ ሆነ፤ በሩ ተዘጋ። ይህ አካሄድ ያንገበገበው ሪቻርድ ስቶልማን አስቀድሞ በ1983 ማንም የሚገለብጠውና የሚያርመው ዩኒክስ መሰል ሥርዓት እንደሚሠራ አስታውቆ ነበር። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የጎደለውን እምብርት፣ ሊኑክስን፣ ጨመረ። በ1993 ኢያን መርዶክ የሚባል ሌላ ተማሪ የተበታተነውን ሁሉ ሰብስቦ የሚያደራጅ ማኅበር መሠረተ፤ የፍቅረኛውን የዴብራንና የራሱን ስም አጋጥሞ “ዴቢያን” አለው።

የዴቢያን ብልሃት እያንዳንዱን ፕሮግራም በየጥቅሉ ማኖሩ ነው። በጥቅሉ ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፦ ይህ ጥቅል ያለ ማን ማን እንደማይሠራ፣ ኃላፊነቱን የያዘውም ሰው ማን እንደሆነ። አንዱን ልጫን ሲሉት “መጀመሪያ እገሌን አምጣ” ይላል፤ እገሌም በተራው ሌላ ይጠራል። ከ1999 ወዲህ አፕት የተባለው መሣሪያ ይህን ጥሪ ሁሉ ራሱ ተከትሎ ያሟላል፤ ግን ኢንተርኔት ወይም ሙሉው ዲቪዲ ያስፈልገዋል። እኛ ሮቤ ላይ ኢንተርኔት አልነበረንም። ልጁ በፍላሽ የያዘው አንድ ፕሮግራም ሌላ ጠራ፤ ያም ሌላ፤ እኩለ ሌሊት ሆነ። እኔ ተሰላቸሁ። እሱ ግን “ጋሼ፣ የማንን እጅ እንደሚፈልግ ሳይደብቅ ይናገራል እኮ” አለኝ።

የአማርኛውስ መንገድ? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቋሚ ቁጥር አገኘ፤ “ሀ” 4608 ተባለች። በየካቲት 2009 የወጣው ዴቢያን 5.0 በ63 ቋንቋዎች የሚጫን ሆነ፤ ያኔ ከተጨመሩት አንዱ አማርኛ ነው። ያለ ደመወዝ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር የተረጎመ ሰው ነበረ ማለት ነው። ሥራው ደግሞ አያልቅም። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር አዲስ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ የሚተረጉም ከሌለ እንግሊዝኛው እንዳለ ይቀመጣል።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ልጁ ለካ ማታ ማታ እንዲህ ያለውን ይተረጉማል። “የኔ አፍ መፍቻ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በላቲን ስለሚጻፍ ፊደሉ አያስቸግረኝም። አማርኛው ነው ያስቸገረኝ። መምህር፣ ለእርስዎ ‘ፓኬጅ’ን ‘ጥቅል’ ብንለው ያስኬዳል?” አለኝ። “ጥቅል ጎመን ነው እንዴ!” ብዬ ሳቅሁ። እሱም አብሮኝ ሳቀ። ከዚያ ስለ ግዕዝ ሥርወ ቃል ግማሽ ሰዓት አወራሁ፤ አንድ ቃል ግን አልሰጠሁትም። አፍ የፈታሁበትን ቋንቋ ሌላው ሲሸከምልኝ የኔ መዋጮ ሳቅ ሆነ።

የድሮ ጸሐፊዎቻችን ብራናውን ሲጨርሱ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸውን ጠቅሰው “በጸሎት አስቡኝ” ይሉ ነበር። መጽሐፉ በሥራቸው ጸንቶ እንደሚኖር ያውቃሉ። እኛ የተማርነው ግን አማርኛ በቴክኖሎጂ ወደ ኋላ ቀረ እያልን በየመድረኩ እናለቅሳለን፤ ቃል የሚያዋጣውን ስናገኝ በቃሉ እንሳለቅበታለን።

በማግስቱ በዋሻው ውስጥ ወይብን ስሻገር ልጁ ከፊቴ ባትሪ ይዞ ነበር። “ጥቅል” ጥሩ ቃል ነው ልለው አሰብኩ፤ የውኃው ድምፅ በዛና ተውኩት። ይኸው ዛሬ ጻፍኩት። “ጥቅል” ጥሩ ቃል ነው፣ ልጄ።