ለቢላዋ ሥራ በብረት ላይ ሰፊ ቀዳዳ በጥራት ስለማውጣት

ይህ መረጃ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢላዋና የሉካንዳ መክተፊያ ለሚሠሩ ወይም በሙያው ለመሰማራት ለሚፈልጉ ዜጎች የተዘጋጀ ነው።

የቀዳዳው ጥራት ጠቀሜታ

ሻካራ ጠርዝ ያለው ማንጠልጠያ ቀዳዳ ብረቱ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ቆሮሶና አምባዛ ለማጽዳት በሚውል ቢላዋ ላይ ደግሞ ውኃ በጭረቶቹ ውስጥ ስለሚቀር ዝገት ከዚያው ይጀምራል። በጋዝ እሳት የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ ስለሚጠነክር ሞረድ በቀላሉ አይበላውም፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በትራፓኖ ማውጣት ይመረጣል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ባሌስትራ ሲመረት ጀምሮ የጠነከረ ብረት በመሆኑ መጀመሪያ ሊለሰልስ ይገባል። ማግኔት መሳብ እስኪያቆም (770 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ካጋሉ በኋላ ጥቂት ጨምረው ያሙቁት፤ ከዚያም በደረቅ አመድ ቀብረው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያሳድሩት።
2. የቀዳዳውን መሐል በሹል መምቻ ምልክት ያድርጉ። ከብረቱ ዳር በቂ ስፋት ይተዉ።
3. ብረቱን ከሥሩ ጣውላ አድርገው በሞርሳ ወይም በማሰሪያ አጥብቀው ይሰሩ። በእጅ ይዞ መብሳት ክልክል ነው፤ ፑንታው ሲነክስ ብረቱን እንደ ስለት ያሽከረክረዋል።
4. በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ መሪ ቀዳዳ ያውጡ፤ ከዚያም በደረጃማ ፑንታ ወይም በክብ የቀዳዳ መጋዝ ያስፉ።
5. ቀዳዳው በሰፋ መጠን ፍጥነቱን ይቀንሱ። ለ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ሲበቃ፣ ለ25 ሚሊ ሜትር መጋዝ ከ200 ዙር አይለፍ። ዘይት እየጨመሩ በተመጣጠነ ኃይል ይጫኑ።
6. ግማሽ ሲደርስ ብረቱን ገልብጠው በመሪው ቀዳዳ በኩል ከሌላው ወገን ይጨርሱ።
7. ሁለቱንም ጠርዞች በድቡልቡል ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ቢላዋውን ማጠንከር የሚቻለው ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ብቻ ነው።

የደኅንነት ግዴታዎች

የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው። በሚሽከረከር ፑንታ አጠገብ ጓንት፣ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ሰፊ እጅጌ መልበስ አይፈቀድም። የብረት ፍርፋሪ መሣሪያው ከቆመ በኋላ በብሩሽ ይጠረጋል እንጂ በጣት አይነካም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ መጠቀም ይኖርበታል።

ተጨማሪ አገልግሎት

ስለ ብረታ ብረት ሥልጠና፣ ስለ ሙያ ብቃት ምዘናና በማኅበር ስለመደራጀት ማብራሪያ የሚፈልጉ ዜጎች በሚኖሩበት ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ የሚገኘውን የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።