የመጀመሪያዋ ሌሊት
በላስታ ተራሮች ለአእምሮ ሕሙማን ስለሚደረገው አፋጣኝ እርዳታ ታሪካዊ አስተያየት

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ መንገደኛ፣ በእግሩም ሆነ በበቅሎ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ዳገት መግፋት አለበት። ትውፊት ከንጉሥ ላሊበላና ከነአኩቶ ለአብ ስም ጋር የሚያያይዛት ይህች ከዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ጠባብ፣ ገደሉም ጥልቅ ነው። በዚህ ተራራ ወገብ ላይ ባለ አንድ መንደር የሚኖር ወጣት በእኩለ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ፣ ጨርቁን ጥሎ ወደ ገደሉ ቢሮጥ ማን ይደርስለታል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥያቄውን መልስ ከታሪክ መፈለግ ነው።

የሙያችን ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የሆስፒታል ግንብ ነው። ነገር ግን ከግንቡ በፊት ሌላ ታሪክ አለ። ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት ይወጣል፤ ጎልማሶች በሽተኛውን ከገደል አፋፍ ይመልሱታል፤ የንስሐ አባቱ መስቀላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ ሲነጋም ታስሮ ወይም በቃሬዛ ተይዞ ወደ ጠበል ይወሰዳል። የሕመሙ ምክንያት ከቡዳ፣ ከዛር ወይም ከጋኔን ይቆጠራል። ሕመምተኛው የቆሎ ተማሪ ከሆነ ደግሞ አብሾ አዞረው ይባላል። አብሾ በእርግጥም አእምሮን የሚያዛባ መርዝ ያለው ተክል ስለሆነ፣ ይህኛው ግምት ሁልጊዜ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

ይህን ልማድ ማሞገስ ብቻም ሆነ ማንቋሸሽ ብቻ ከታሪክ ጸሐፊ አይጠበቅም። ሰንሰለት የስንቱን እጅና እግር አቁስሏል፤ ለወራት ታስሮ የከረመም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ በሽተኛው ያችን የመጀመሪያ ሌሊት ብቻውን አያድርም ነበር። ዛሬ በባለሙያዎች ዘንድ የቀውስ ጊዜ አገልግሎት የሚባለውም ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ፈጥኖ መድረስ፣ አደጋን ማራቅ፣ አብሮ ማደር፣ ወደሚረዳ ቦታ ማድረስ።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን እውነታ አልዘነጋውም። በቁጥር 341 በሕመሙ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም የተኛን ሰው እብደቱ የታወቀ እንደሆነ ይቆጥረዋል። በቁጥር 342 ደግሞ፣ ነዋሪዎቹ ከሁለት ሺህ በሚያንሱበት የገጠር ቀበሌ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት ያሉ ሰዎች ስለ ሕመሙ የሚጠብቁትንና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የሚያግዱትን ሰው እንደዚያው ይቆጥረዋል። ሕግ አውጪው የጻፈው ስለ ሕጋዊ ተግባራት ጽናት እንጂ ስለ ሕክምና አይደለም። ቢሆንም የቤተሰብን ጥበቃ ከሆስፒታል አልጋ ጎን ማስቀመጡ፣ በገጠር ሌላ ተቋም እንዳልነበረ ያስረዳል።

ተቋሙ የነበረው በአዲስ አበባ ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሞ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከላስታ ወደዚያ ለመድረስ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በሬ ሸጦ ይህን መንገድ የሚሄድ ቤተሰብ የሚነሣው፣ ጠበሉም ምክሩም ከተሞከረ በኋላ ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉ ሲያገኘው የኖረው የመጀመሪያዋን ሌሊት በሽተኛ ሳይሆን፣ ሕመሙ ዓመታት ያስቆጠረበትን ሰው ነበር።

ይህን ርቀት ለማሳጠር የተደረገው ጥረት በየደረጃው ሊታይ ይችላል። በ1960ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር በጊዮን፣ ማለትም በወሊሶ፣ የሚካሄደውን የእምነት ፈውስ አጥንቶ በ1968 እ.ኤ.አ. ጽፏል። በ1970ዎቹ ማብቂያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች እየተላኩ ክፍሎች ከፈቱ። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ትምህርት ተመሠረተ። በቡታጅራ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ሲመረመሩ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ውስጥ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ ታወቀ። ከዚያም ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተዘረጋው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቀደ።

እነዚህ ሁሉ አልጋውንና መድኃኒቱን አቅርበዋል። ሌሊቱን ግን አላቀረቡትም። የቀን ተመላላሽ ክፍል በጨለማ ከዳገት ላይ ለሚሮጥ ወጣት አይደርስም። ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት እንደሚጀምሩ የዓለም ጤና ድርጅት መግለጹ ሲታሰብ፣ የሚዘገየው እርዳታ የማንን ዕድሜ እንደሚበላ ግልጽ ነው። በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባሉት ወራት ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረች፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ የተነሣው ግጭት ላስታን አልማራትም። መንገድ ሲዘጋ የሪፈር ወረቀት ትርጉም ያጣል፤ የሚቀረው ጎረቤትና ካህን ነው።

ጎረቤትና ካህን ከባለሙያ ጋር ሊሠሩ አይችሉም የሚል ካለ፣ ታሪክ ይመልስለታል። በቤልጅየም የምትገኘው ጌል የተባለች ከተማ በቅድስት ዲምፍና ስም ለፈውስ የሚመጡ የአእምሮ ሕሙማንን፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በነዋሪዎቿ ቤት ስታስጠጋ ኖራለች። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መንግሥት ሐኪሞችን ሲያስገባ፣ አስጠጊ ቤተሰቦቹን አላፈረሰም፤ አጠገባቸው ቆመ እንጂ። በእኛም አገር በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲያስረዱ፣ ብዙ ሕመምተኛ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ጭንቀት ድኗል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በላስታ አፋጣኝ እርዳታ ድሮም አለ፤ የጎደለው ዕውቀት የያዘ እጅ ነው። የንስሐ አባት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበትን ሰው ለይተው እንዲያውቁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሌሊት የምትጠራው ነርስ እንዲኖራት፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎች በሽተኛውን ሳያቆስሉ እንዲይዙ፣ በጠበል ቦታም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ማድረግ ከባድ ግንብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ባልደረቦቻችን ዳገቱን ወጥተው፣ በሽተኛው ከሚሮጥባት ደጃፍ ከሚያድሩት ሰዎች ጋር እንዲመክሩ ነው። አባቶቻችን ያችን ሌሊት በሰንሰለት አሳልፈዋታል፤ እኛ ሰንሰለቱን ስናስወግድ፣ አብሮ ማደሩን ጭምር እንዳናስወግደው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።