ሦስት የማይስማሙ ማስመሪያዎች፦ የሌጎ ባቡር ታሪክ

ማስመሪያ አላችሁ? እስቲ አምጡት። አንድ የሌጎ ጡብ ካገኛችሁ ደግሞ አጠገቡ አስቀምጡት። ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ ጉብታ መሐል ለኩ፤ 8 ሚሊሜትር ነው። ጡብ ባይኖራችሁም ችግር የለም፤ ይህቺን 8 ቁጥር ብቻ ያዙልኝ።

በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች፣ ልጆችም አዋቂዎችም፣ ከሌጎ ጡብ የራሳቸውን ባቡር ይሠራሉ። ከካርቶን የወጣ መመሪያ ተከትለው አይደለም። አንድ እውነተኛ ባቡር ይመርጡና የእሱን አምሳያ ራሳቸው ቀይሰው፣ ራሳቸው ለክተው ይገጣጥማሉ። ቀላል ይመስላል አይደል? ነገር ግን ሥራውን የጀመረ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ ያጋጥመዋል፦ ባቡሬን ስንት እጥፍ ላሳንሰው? ሐዲዱን ሲጠይቀው አንድ መልስ ይሰጠዋል። በባቡሩ ውስጥ የሚቀመጠውን የፕላስቲክ ሰው ሲጠይቀው ሌላ መልስ ይመጣል። ሱቅ የሚሸጠውን ባቡር ሲለካ ደግሞ ሦስተኛ።

ለምን አይስማሙም? መልሱ ያለው ታሪክ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1958፦ ጡቡ

ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን በዴንማርክ፣ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ቦታ የሚኖር አናጢ ነበር። በ1932 ከእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ሌጎ የሚለው ስም የወጣው «በደንብ ተጫወት» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የዴንማርክ ቃላት ነው። ዛሬ የምናውቀውን ጡብ የፈጠራ መብት እንዲሰጠው ያመለከተው ግን ልጁ ጎድፍሬድ ነው፤ ቀኑም ጥር 28 ቀን 1958።

የፈጠራው ምስጢር ከጡቡ በታች ነው። ገልብጣችሁ ብታዩት ውስጡ ቱቦዎች አሉበት። የታችኛው ጡብ ጉብታ በቱቦውና በግድግዳው መካከል ገብቶ ይጠበቃል፤ ለዚህ ነው ጡቦቹ የማይላቀቁት፣ ስንፈልግ ግን በጣታችን የሚነቀሉት። ይህ ሁሉ የሚሠራው ልኩ ሳይዛነፍ ሲቀር ነው። ከጉብታ ጉብታ 8 ሚሊሜትር፣ የጡቡ ቁመት 9.6 ሚሊሜትር፣ የስሱ ጡብ ቁመት ደግሞ የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 3.2 ሚሊሜትር። እነዚህ ቁጥሮች እስከ ዛሬ አልተነኩም። ይህ የመጀመሪያው ማስመሪያችን ነው።

1966፦ ሐዲዱ

ከስምንት ዓመት በኋላ ሌጎ በባትሪ የሚሄድ ባቡር አወጣ፤ ጉልበቱ 4.5 ቮልት፣ ሐዲዱ ሰማያዊ። ሐዲዱን የነደፉት ሰዎች አንድ ውሳኔ መወሰን ነበረባቸው፦ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ምን ያህል ክፍተት ይኑር? ሐዲዱ ከጡቦች ጋር መገጣጠም ስላለበት ልኩን ከጉብታዎች ወሰዱት። ከሐዲድ መሐል እስከ ሐዲድ መሐል 5 ጉብታ፣ ማለትም 40 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ። የውስጡ ክፍተት ደግሞ 38 ሚሊሜትር ያህል ነው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት እውነተኛ ሐዲድ የውስጥ ክፍተቱ 1435 ሚሊሜትር ነው። 1435 ለ38 ሲካፈል 38 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ሐዲዱ የሚለን «ባቡርህን 38 ጊዜ አሳንሰው» ነው። ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ ባቡር 38 ጊዜ ሲያንስ 79 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ወደ 10 ጉብታ መሆኑ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት የሌጎ ባቡሮች ግን አብዛኛዎቹ ስፋታቸው 6 ጉብታ፣ ማለትም 48 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እነሱ እውነተኛውን ባቡር 62 ጊዜ ያህል አሳንሰውታል ማለት ነው። ሰፊ ጫማ ላይ የቆመ ቀጭን ሰው አስቡ፤ እንደዚያ ናቸው።

1978፦ ሰውየው

ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው እጁንና እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ቢጫ ሰው የመጣው በ1978 ነው። ልብ በሉ፦ ከሐዲዱ 12 ዓመት ዘግይቶ! ቁመቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የ1.70 ሜትር ሰው ነው ብንል 42 ጊዜ አንሷል። ችግሩ ግን ሰውየው ወፍራም ነው፤ በስፋቱ ብንለካው ልኩ ሌላ ይሆናል። እንግዲህ ሐዲዱን የነደፉት ሰዎች ለእሱ ብለው ሊለኩ አይችሉም ነበር፤ ገና አልተወለደማ!

እዚህ ላይ ነው ምስጢሩ። ሦስቱ ነገሮች የተወለዱት በሦስት የተለያዩ ጊዜያት፣ ለሦስት የተለያዩ ዓላማዎች ነው። ስህተት የሠራ ማንም የለም። እያንዳንዱ ትውልድ የወረሰውን ሳያፈርስ የራሱን ጨመረበት፤ አለመስማማቱ የተፈጠረው ከዚህ ነው።

ኤሌክትሪኩ ሲቀያየር

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ፤ የተለወጠውን። በ1969 ሌጎ ከባትሪ በተጨማሪ 12 ቮልት ባቡር አወጣ። ኃይሉ ከሶኬት በትራንስፎርመር አልፎ፣ በሐዲዱ መሐል በተዘረጋ ተጨማሪ መስመር ወደ ሞተሩ ይደርሳል። በ1980 ሐዲዱ ግራጫ ሆኖ፣ የሐዲድ መቀየሪያውና መብራቱ ከርቀት የሚታዘዙበት ሥርዓት መጣ። በ1991 ደግሞ 9 ቮልት፦ የመሐሉ መስመር ቀረና ሐዲዶቹ ራሳቸው ብረት ለብሰው ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ሆኑ።

ይህ የመጨረሻው ቆንጆ ነበር፤ ግን አንድ ወጥመድ ነበረው። አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። ሐዲዱን ዞሮ በመጣበት እንዲመለስ አድርጋችሁ ብትገጥሙት ግራው ከቀኙ ጋር ይገናኛል፤ ያኔ ሾርት ያደርጋል፣ ባቡሩም ቀጥ ይላል። በወረቀት ላይ ሁለት መስመር ስሉና ራሳችሁ ሞክሩት።

በ2006 ባትሪው ወደ ባቡሩ ተመለሰና በሪሞት የሚታዘዝ፣ ሐዲዱ ፕላስቲክ ብቻ የሆነ ባቡር መጣ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው የ9 ቮልቱን ሥራ እንደሚያቆም አሳወቀ። ለዓመታት ቆጥበው የብረት ሐዲድ ለሰበሰቡ ሠሪዎች ይህ ቀላል ዜና አልነበረም፤ እጃቸው ላይ ያለው ሐዲድ ተተኪ የሌለው ሆነ። በ2018 ደግሞ በብሉቱዝ፣ ከስልክ ጭምር የሚታዘዝ ባቡር ወጣ።

ታዲያ የሠሪዎቹ ልፋት ሁሉ ከንቱ ቀረ? አልቀረም። ቮልቱ ቢለወጥም፣ ቀለሙ ቢለወጥም፣ የሐዲዱ ስፋት አልተለወጠም። የብሉቱዙ ባቡር በ1991ዱ ሐዲድ ላይ ይሄዳል። አነስተኛ አምራቾችም ኋላ ላይ በዚያው ልክ የብረት ሐዲድና ሱቅ ውስጥ የማይገኙ ትልልቅ ጎማዎች መሥራት ጀመሩ። የማይለወጥ ነገር ስለነበረ ሌሎች ሊጨምሩበት ቻሉ።

ከማስመሪያዎቹ ጋር መደራደር

ዛሬ የራሳቸውን ባቡር የሚሠሩ ብዙዎች የሚመርጡት የመሐል መንገድ 8 ጉብታ ስፋት ነው። 8 በ8 ሲባዛ 64 ሚሊሜትር፤ የ3 ሜትር ባቡር 47 ወይም 48 ጊዜ አነሰ ማለት ነው። ሐዲዱ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ሰውየውም ትንሽ ገዘፍ ይላል፣ ዓይን ግን ይቀበለዋል።

ሌላ ብልሃትም አለ። አምስት ስስ ጡቦች ደራርቡ፦ 5 በ3.2፣ 16 ሚሊሜትር። ሁለት ጉብታም 16 ሚሊሜትር ነው! ስለዚህ ጡቦችን በጎናቸው አስተኝቶ ከቆሙት ጋር ያለ ክፍተት መግጠም ይቻላል። ክብ አፍንጫ፣ ቀጭን መስኮትና በጎን የተሰመረ ቀለም የሚሠሩት በዚህች ሒሳብ ነው።

ኩርባውም ፈተና ነው። 16 የኩርባ ሐዲዶች አንድ ሙሉ ክብ ይሠራሉ፤ ከመሐሉ እስከ ሐዲዱ 32 ሴንቲሜትር። ይህንን በ48 ብታባዙት 15 ሜትር ገደማ ነው። እውነተኛ የረጅም ርቀት ባቡር በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጎማ ያለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ስትሠሩ መካከለኛዎቹን ጎማዎች ከሐዲድ እንዳይወጡ የሚይዛቸው ጠርዝ የሌላቸው ታደርጋላችሁ፤ ያኔ ኩርባው ላይ አይቀረቀሩም። ይህንን ዘዴ የእውነተኛ ሎኮሞቲቭ መሐንዲሶችም ተጠቅመውበታል።

እኛም አገር

የሐዲድ ስፋት ጣጣ በአገራችንም አለ። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው ምድር ባቡር ግንባታው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የሐዲዱ ስፋት 1000 ሚሊሜትር ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1435 ሚሊሜትር ነው። የ435 ሚሊሜትር ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ሆኖም የድሮው ሎኮሞቲቭ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አንድ ሜትር እንኳ መሄድ አይችልም። አዲሱ ልክ ጥቅም አለው፤ ዋጋው ደግሞ የድሮውን በሙሉ ከጨዋታ ውጭ ማድረግ ነው። ሌጎ ኤሌክትሪኩን ለውጦ ስፋቱን ጠበቀ፤ እዚህ ሁለቱም ተለወጡ።

እንግዲህ የቤት ሥራችሁ ይኸው። የድሮውን የድሬዳዋ ባቡር በጡብ መሥራት ብትፈልጉስ? 1000ን ለ48 አካፍሉ፤ 21 ሚሊሜትር ይመጣል። የሌጎ ሐዲድ ግን 38 ነው፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሐዲዱን ታምናላችሁ? ያኔ 26 ጊዜ ብቻ ታሳንሱና ባቡራችሁ ግዙፍ ይሆናል። ዓይናችሁን ታምናላችሁ? ያኔ እግሩን ያንፈራጠጠ ባቡር ይወጣላችኋል። ጡብ ከሌላችሁ ካሬ ወረቀት ይበቃል፤ አንዷን ካሬ አንድ ጉብታ አድርጉና ስሉት። የትኛውን ማስመሪያ እንደምትከተሉ ግን እርሳሱን ከማንሳታችሁ በፊት ወስኑ።