ከሲንቄ እስከ ሲቢቲፒ፦ የጅማ ኮሌጅ ሴቶች የመሪነት ታሪክ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ሴት በአደባባይ የምትደመጥባቸው መንገዶች ከኮሌጅ በብዙ ይቀድማሉ። በኦሮሞ ባህል ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው የሲንቄ በትር የመብቷ ምልክት ነው። የተበደለች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትጮህ የሰሙ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪከፍልም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ዛሬ ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው ከሲንቄ ባንክ ቢሆንም ሲንቄ የሴቶች የጋራ አቤቱታ ማሰሚያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጊቤ ምድር ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የተባሉ አምስት መንግሥታት ሲቆሙ ግን የገዳ ሥልጣን ወደ ነገሥታቱ ግቢ ገባ፤ ከገዳ ጋር የተሳሰረው የሴቶች ሥርዓትም አብሮት ቦታ አጣ።

ግቢው ራሱ ለሴት ምክር ፈጽሞ የተዘጋ አልነበረም። የንጉሥ ቤት ሴቶች «ገኔ» ይባሉ ነበር፤ ከእነርሱ መካከል ስማቸው ጎልቶ የቀረው የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር እናት ገኔ ጉሚቲ ናቸው። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1878 ሥልጣን ሲይዙ ገና ወጣት ነበሩ። ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ገብሮ አገርን ማትረፍ እንደሚሻል የመከሩት እናትየው እንደሆኑ ትውፊቱ ይናገራል። ጎረቤቷ ከፋ እ.ኤ.አ. በ1897 በጦርነት ስትወድቅ ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ እስከ 1932 ቆየች። ሐሙስ ሐሙስ እስከ 30,000 ሰው ይሰበስብ የነበረው የሂርማታ ገበያም የዚያ ዘመን ውጤት ነው። ያው ገበያ ሴቶች በባርነት የሚሸጡበት ስለነበር የእናት ንግሥቲቱን ብልህነት ብቻ እያወሱ ማለፍ ታሪኩን ያጎድለዋል።

ከፍተኛ ትምህርት ጅማ የገባው በእርሻ በኩል ነው። በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ እገዛ የጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኋላ ወደ ዓለማያ የተዛወረው የእርሻ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረውም እዚሁ ጅማ ነው። በጊዜው የእርሻ ትምህርት በአመዛኙ የወንድ ልጅ ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ቡናውን የሚለቅሙት፣ የሚያሰጡትና ጥሩውን ከተበላሸው የሚለዩት እጆች በብዛት የሴቶች ነበሩና።

ተማሪና ገበሬ ፊት ለፊት የተገናኙት በደርግ ዘመን በታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲጀመር 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ፤ ሴት ተማሪዎችም ነበሩበት። በየካቲት 25ቱ የመሬት አዋጅ ማግስት ዘማቾቹ የገበሬ ማኅበር ያደራጁ፣ ፊደል ያስቆጥሩ ጀመር። ባለርስቱ በበዛበት በጅማ አካባቢ ግን ከባለርስቶችና ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ተጋጭተው ደም ፈሰሰ። ለዘማች ሴት ተማሪ ያ ወራት ሁለት ነገር አስተምሯታል ማለት ይቻላል፦ የመንደር ሴቶችን ሰብስቦ ማነጋገር እንደሚቻል፣ መንግሥትም የተደራጀ ሕዝብን እስከ ወሰን ብቻ እንደሚታገሥ። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር እስከ ቀበሌ ድረስ ወረደ፤ አጀንዳው ግን ከላይ የሚመጣ ስለነበር ብዙ ሴቶችን ስብሰባ ከማስቀመጥ አልፎ ለራሳቸው ጥያቄ የሚሟገቱ አላደረጋቸውም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ከተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ጋር ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የአልማ አታ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን መርሁ አድርጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ በጃማይካ ኪንግስተን ትምህርታቸውን ወደ ማኅበረሰቡ ያዞሩ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ትስስር ተፈጥሯል። ጅማ ይህን ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ተማሪው ከክፍልና ከሆስፒታል ሌላ መንደር ውስጥ እንዲማር ተደረገ፤ በጅማ ሰው አፍ «ሲቢቲፒ» (ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም) የሚባለው ይህ ነው።

አሠራሩ በየዓመቱ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። የተማሪዎች ቡድን አንድ ቀበሌ ይመደብለታል። መጀመሪያ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ስንት ሰው ይኖራል፣ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ መጸዳጃ አለ ወይ፣ ሕፃናት ተከትበዋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ቀጥለው ችግሮቹን በቅደም ተከተል አስቀምጠው ዕቅድ ያወጣሉ፤ ከነዋሪው ጋር ሆነው ምንጭ ያጎለብታሉ፣ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ያስተምራሉ። በመጨረሻ የሠሩትን ይመዝናሉ። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ «ቲቲፒ» (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) አለ፤ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው እንደ አጋሮና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ።

እዚህ ላይ የሴት ተማሪዋ ቦታ ይለወጣል። ክፍል ውስጥ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ መንደር ስትገባ የቡድኑ አስፈላጊ ሰው ትሆናለች። ባል በሌለበት ቤት ወንድ ተማሪ ደጃፍ ላይ ሲቀር እሷ ጓዳ ትገባለች፤ የቡና ሲኒ ተቀብላ ስለ ወሊድ፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ስለ ልጅ አመጋገብ ትጠይቃለች። አፋን ኦሮሞ የምትችል ከሆነች ቡድኑ በእሷ አፍ ነው የሚሠራው። ኋላም ያገኘችውን ለቀበሌ ሊቀ መንበርና ለሽማግሌዎች ቆማ ታስረዳለች። ለሌሎች መሟገት ማለት ከዚህ የሚርቅ አይደለም፤ ልዩነቱ በንግግር ፈንታ የቤቶች ቁጥርና የውኃው ርቀት መቅረቡ ነው። ችግሩም የታወቀ ነው፤ ቡድኑ ሲሄድ የተጀመረው ሥራ ይቆማል፣ በየዓመቱ የሚጠየቅ መንደርም መልስ መስጠት ይሰለቻል።

ኢንስቲትዩቱ ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ይኸው ልማድ ከጤናው ወደ ሌሎቹ ትምህርቶች ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ2005 በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ የተቋቋመው የመስክ ምርምር ማዕከልም ኦሞ ናዳ፣ ቀርሳ፣ ሰኮሩና ጢሮ አፈታ ወረዳዎች ውስጥ ያሉ አሥር ቀበሌዎችን በቋሚነት መከታተል ያዘ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ ሁለት ሁለቱን በየቀበሌው መደበ። ከዚያ ወዲህ ከጅማ የምትወጣ ተማሪ መንደር ስትደርስ ደመወዝተኛ የሆነች፣ ቤቶቹን በስም የምታውቅ ሴት ጠበቀቻት። ተማሪዋ አስተማሪ ሆና ሄዳ ተማሪ ሆና የምትመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የሕጉ ገጽ በዚያው ዘመን ተሻሻለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ፈቀደ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ሴቶችን ዝቅ ባለ የመግቢያ ነጥብ መቀበል ጀመሩ። በሩ ተከፍቶ ድጋፉ ባልጠነከረበት ዓመት ብዙዎቹ በአንደኛው ዓመት ስለሚሰናበቱ የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ማጠናከሪያ ትምህርትና የራስ መተማመን ሥልጠና መስጠት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በአገር ደረጃ ሲሟገት የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ያደረገው የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ወጣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የተነሣው የሎው ሙቭመንት የተባለ የሴቶች መብት እንቅስቃሴ ግቢ ውስጥ በሚያቆመው የመወያያ ጠረጴዛና በዘመቻ ድምፁን ሲያሰማ፣ ጅማ በአመዛኙ በአሮጌ መንገዷ፣ በመንደር ሥራ፣ ገፋችበት። አዋጅ 621/2001 ዓ.ም. ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኙ ማኅበራትን ከመብት ሥራ ሲያግድ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ማዕከላት ፋይዳ ጨመረ። ገደቡ የተነሣው በአዋጅ 1113/2011 ዓ.ም. ነው።

ቡናው ግን ከዚህ ሁሉ ጋር እኩል አልተራመደም። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ማለትም በትምህርቱ የመጀመሪያ መንፈቅ ስለሚውል በሊሙ፣ በጎማና በጌራ ከትምህርት ገበታ ቀድማ የምትቀረው ሴት ልጅ ናት። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነትም በብዛት በአባወራው ስም ይመዘገባል፤ ቡናውን ያሰጣችው ሚስት የትርፍ ክፍፍል ሲነገር ስብሰባው ላይ ድምፅ የላትም።