ክኒን ወይስ ቃል? አቡ ዘይድ አል-በልኺ ከ1100 ዓመት በፊት የሰጡት መልስ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አእምሮ ሕመም ሕክምና ታሪክ ነው።

ወደዚህ ርዕስ ያመጣን አንድ ጥያቄ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ አንዲት እናት ወጣት ልጃቸውን ይዘው ወደ መስጂዳችን መጡ። ልጁ ከሰው ርቆ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማ ከርሟል። ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ግን ተሽሎታል። «ሸኽ፣ አሁንማ ቁርኣን ከተቀራበት ክኒኑን ቢተወውስ?» አሉን። እኛም ቁርኣን ቀራንበት፣ ዱዓ አደረግንለት። ስለ ክኒኑ ግን ዝም አልን። ዝምታችን እንደ ፈቃድ ተቆጠረ። ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው ከቀድሞው ብሶበት ተመለሰ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነናል። ዛሬ የምንናገረውም ያኔ መናገር የነበረብንን ነው።

በየቤታችን ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። አንዱ «ይህ የኢማን ድክመት ነው፤ ክኒን ያደነዝዘዋል እንጂ አያድነውም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ምክርና ወሬ ምን ሊፈይድ? መርፌውን ተወግቶ ይተኛ» ይላል። የዲናችንን ታሪክ ስንመረምር ግን አካልንና ነፍስን እንዲህ ሲነጣጥል አናገኘውም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መታከም ሲጠየቁ፣ እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ሕመምን ሲያወርድ ፈውሱንም እንዳወረደ አስተምረዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት ሰው ተልቢና እንዲሠራለት ያዙ ነበር። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን አጥሚት ነው። የታማሚውን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘኑም ከፊሉን እንደሚያስወግድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተዋል። ልብ እንበል፤ ላዘነ ሰው ማጽናኛ ቃል ብቻ አልተሰጠውም፤ ለአካሉም ታሰበለት። የነቢዩ ያዕቆብንም (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ደርሰዋል። ታዲያ «ያዕቆብ ኢማናቸው ስለደከመ ነው» ብሎ የሚደፍር ማን ነው?

ይህንን መሠረት ይዘው ከጻፉት ሊቃውንት አንዱ አቡ ዘይድ አሕመድ ኢብን ሰህል አል-በልኺ ናቸው። የተወለዱት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሒጅራ፣ በዛሬዋ አፍጋኒስታን በበልኽ አቅራቢያ ሻሚስቲያን በምትባል መንደር ነው። አባታቸው የሕፃናት አስተማሪ ነበሩ። እርሳቸውም በወጣትነታቸው ዕውቀት ፍለጋ ወደ ዒራቅ ተጉዘው ስምንት ዓመት ያህል ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙዎች የሚያውቋቸው በጂኦግራፊና በካርታ ሥራቸው ነው። በ322 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 934) ወደ አኺራ ሄዱ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» የተሰኘው መጽሐፋቸው ነው፤ የአካላትና የነፍሶች ደኅንነት እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ አካል፣ ሁለተኛው ስለ ነፍስ ነው። አል-በልኺ በዘመናቸው የነበሩት ሐኪሞች ስለ ነፍስ አያያዝ ባለመጻፋቸው ይወቅሷቸዋል። ሰው ከአካልና ከነፍስ የተሠራ ስለሆነ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይታወካል ይላሉ። የነፍስን ችግሮች በአራት ይከፍሏቸዋል፤ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘንና ድብርት፣ እንዲሁም አልለቅ የሚል ወስዋስ ናቸው።

ትልቁ ትምህርት ያለው ስለ ሐዘን በጻፉት ውስጥ ነው። ሐዘንን ሁለት ዓይነት አድርገው አዩት። የመጀመሪያው ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ሰው ሲሞት፣ ንብረት ሲጠፋ፣ የተመኙት ሲቀር የሚመጣ ነው። የዚህ መድኃኒቱ በአብዛኛው ቃልና ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ግን ሰውየው ምክንያቱን የማያውቀው፣ ደስታን ሁሉ የሚነጥቀው ጭንቀት ነው። ይህንን መነሻው ከአካል፣ ከደም ነው አሉ። ስለዚህ አካሉ በመድኃኒት ይታከም፤ ከዚያም ጋር ሰው ያጫውተው፣ መልካም ንግግር ይስማ፣ ብቻውን አይተው አሉ። መድኃኒቱን አዝዘው ቃሉን አልከለከሉም።

ስለ ቃሉ ኃይልም ዝም አላሉም። ጤነኛ ሰው ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በደኅና ጊዜው መልካም ሐሳቦችን በልቡ ያኑር፤ ቁጣና ፍርሃት ሲመጡ ያወጣቸዋል ይላሉ። በሐዘን የተዋጠ ሰው ግን የራሱ ሐሳብ ስለሚታወክበት ከውጭ የሚመክረው ሰው ያስፈልገዋል ይላሉ። ዛሬ የንግግር ሕክምና የምንለው በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

እውነቱን ለመናገር የአል-በልኺ ዘመን የደም ማጥራት ሕክምና ዛሬ አይሠራበትም። መጽሐፋቸውም ለብዙ ዘመን በኢስታንቡል ቤተ መጻሕፍት በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ኖረ። በፎቶ ግልባጭ በፍራንክፈርት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ስለ ነፍስ የሚናገረውን ክፍል ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ2013 ወጣ። ስለዚህ «ምዕራባውያን ከእኛ ወሰዱት» ብለን መኩራራት አይገባንም። እኛ ራሳችንም አላነበብነውም።

የድሮውን ሁሉ ማሞገስም አይገባም። በግብፅ አህመድ ኢብን ጡሉን በ259 ሒጅራ አካባቢ ለድሆች በነፃ የሚያክም ሆስፒታል አሠሩ። የታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ እንደሚተርኩት ገዥው በየጁሙዓው እየመጡ ሕሙማንን ይጎበኙ ነበር። አንድ ቀን በሰንሰለት የታሰረ የአእምሮ ሕመምተኛ «እብድ አይደለሁም» ብሎ ትልቅ ሮማን እንዲሰጠው ለመናቸው። አሰጡት። ሰውየው ሮማኑን በእጁ ከመዘነ በኋላ ደረታቸው ላይ ወረወረው፤ ልብሳቸው ተበላሸ። ከዚያ ወዲያ ተመልሰው አልጎበኙም ይባላል። ሆስፒታሉ፣ ወቅፉና ነፃ ሕክምናው የሚያኮራን ነው። ሰንሰለቱ ግን እዚያም ነበር። በእኛም መንደሮች ዛሬም አልጠፋም።

ሰንሰለቱን ማላላት የጀመረ መድኃኒት የተገኘው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ዣን ደሌይና ፒየር ደኒከር የተባሉ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለከባድ የአእምሮ ሕመም መስጠት ጀመሩ። በ1960ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ አሮን ቤክ የታማሚውን የተዛባ ሐሳብ በውይይት የማቃናት ሕክምናን አሳደጉ። እዚያም ሐኪሞቹ «ክኒን ይበልጣል»፣ «ንግግር ይበልጣል» እየተባባሉ ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለረጅም ጊዜ ድብርት የያዛቸው 681 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ፣ የንግግር ሕክምና ብቻ ካገኙትም ግማሽ ያህሉ ተሻላቸው። ሁለቱንም ካገኙት ግን ከመቶ 73 የሚሆኑት ተሻላቸው። በጥናቱ ላይ የዋለው መድኃኒት ጉበት ስለሚጎዳ በኋላ በብዙ አገሮች ከገበያ ወጥቷል። ይህም ክኒን ያለ ሐኪም ክትትል እንደማይወሰድ ያስተምረናል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በቡታጅራና አካባቢዋ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 ከ68,000 በላይ ሰዎች በየቤታቸው ተጠይቀው ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በአገራችን ገጠር በ166 የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። በጤና ተቋም ከሚሰጠው ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢው ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያነጋገሯቸውና የደገፏቸው፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ቀለላቸው። አል-በልኺ ብቻውን አይተው ያሉት ይህ አይደለምን?

ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ምን እንይዛለን?

አንደኛ፣ በሐኪም የታዘዘ ክኒን በሐኪም እንጂ በጎረቤት፣ በዘመድ ወይም በኢማም ቃል አይቆምም። ሲሻል መተው ትልቁ ፈተና ነው። የተሻለው በክኒኑ ሰበብ ሊሆን ይችላልና። ክኒኑ ከከበደ፣ እንቅልፍ ካበዛ ወይም ሰውነት ካወፈረ፣ ለሐኪሙ ይነገር፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊለውጠው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የረመዳን ጉዳይ አለ። ጾም ከመግባቱ በፊት ታማሚው ሐኪሙን ይጠይቅ። አንዳንዱ መድኃኒት ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሰዓት ሊዛወር ይችላል። ሊትየም የሚወስድ ሰው ግን የሰውነቱ ውሃ ሲቀንስ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊጎዳው ይችላል። አላህ ለታመመ ሰው ማፍጠርን ፈቅዷል፤ የአላህን ፍቃድ መቀበልም ዒባዳ ነው።

ሦስተኛ፣ ሩቅያና ዱዓ ሥፍራቸውን አይለቁም። ክኒን መዋጥም ተወኩልን አያፈርስም፤ ሰበብ ማድረስ ነውና። ቁርኣን የሚቀራ ሰው ታማሚውን ይቅራበት፤ ነገር ግን አይምታው፣ አይሰረው፣ መድኃኒቱን አያስጥለው።

አራተኛ፣ እኛ ኢማሞች የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች አይደለንም። ማዳመጥ ግን እንችላለን። ታማሚው ራሱን ስለ ማጥፋት ከተናገረ ብቻውን ሳንተወው፣ ያንኑ ሰዓት ወደ ሕክምና እናድርሰው። «ኢማንህ ደክሞ ነው» የሚለው ቃል ግን ከአፋችን አይውጣ። በቆሰለ ሰው ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ያ ወጣት ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ክኒኑን ቀጠለ። እኛም እናቱን ይቅርታ ጠየቅን። «ሸኽ፣ አላህ ያውቃል፤ እናንተም እኔም አላወቅንም ነበር» አሉን። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ከዐስር በኋላ አብረን እንቀመጣለን። አንዳንዴ ያወራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ጁሙዓ ሶፍ ውስጥ ስናየው አልሐምዱሊላህ እንላለን።

አላህ ለታመሙት ሺፋእ ይስጥልን፣ ለሚያስታምሟቸውም ሰብርን ይወፍቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።